ለደንበኞቻችን፦ ስልክ ቁጥራችሁን ለምን እንደምንጠይቅ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መድኃኒት ስትገዙ ስልክ ቁጥራችሁን እንጠይቃለን። አንዳንዶቻችሁ «ለመድኃኒት ደግሞ ስልክ ምን ያደርጋል?» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ፣ ልናስረዳችሁ ይገባል።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት እግራቸው አብጦ፣ ጫማቸውን ረግጠው መጡ። የሚውጡትን ሁሉ ከቤት እንዲያመጡልን ለመንናቸው። ከፌስታሉ ሁለት የግፊት መድኃኒት ወጣ። አንዱ ፓኮ ላይ አምሎዲፒን ይላል፤ ሌላው ላይ በትልቁ የተጻፈው ኩባንያው ያወጣለት ስም ነው። ውስጣቸው ግን አንድ ነው። አንዱ ጤና ጣቢያ፣ ሌላው ግል ክሊኒክ የታዘዘ። ሁለቱንም የሸጥንላቸው እኛ ነን፤ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ባለሙያ። አምሎዲፒን መጠኑ ሲበዛ እግር ያሳብጣል። ሐኪማቸው ጋ ላክናቸው፣ አንዱ ቀረ፣ እብጠቱም ጎደለ። እኛ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨናል። በእጃችን የነበረው የደረሰኝ ቅሪት እንጂ የእሳቸው መዝገብ አልነበረም።

አሁን መዝገቡ ኮምፒውተር ላይ ነው። የወሰዳችሁት መድኃኒት፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ የማይስማማችሁም ነገር ይሰፍርበታል። አዲስ ማዘዣ ስናስገባ ከድሮው ጋር ያመሳክረዋል። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትወስዱ አላችሁ። ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘላችሁ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪኑ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ደም ሊያፈስ ይችላል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ኦግመንቲን ሲታዘዝለትም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው አሞክሲሲሊን አለ። ኮምፒውተሩ አይወስንም። እኛን ቆም ያደርገናል። ከዚያ ፋርማሲስቱ ይጠይቃችኋል፣ ካስፈለገም ያዘዘውን ሐኪም ያነጋግራል።

ቁጥር የፈለግነው ስም ስለማይበቃ ነው። በአንድ ሰፈር ስንት አልማዝ፣ ስንት መሐመድ አለ! ልጅ ስትልኩም የሕመምተኛውን ቁጥር አስይዙት እንጂ የልጁን አይስጠን፤ መዝገቡ ይቀላቀላል።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። መዝገቡ ያልነገራችሁትን አያውቅም። ሌላ ፋርማሲ የገዛችሁትን፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁንም ንገሩን። ታይሌኖል ማለት እዚህ ፓራሲታሞል የምንለው ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ምስጢራችሁን በተመለከተ፣ መዝገቡን የሚያዩት የሚያስተናግዷችሁ የፋርማሲ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። ለጎረቤት ቀርቶ ለትዳር ጓደኛም ያለ ፈቃዳችሁ አናሳይም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ ግን አዋጁ ባይኖርም የሙያችን ግዴታ ነው። ሰው ተሰልፎ ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር ደስ ካላላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉልን፣ ወዲያው እንቀድደዋለን። መመዝገብ የማይፈልግ ሰውም መድኃኒቱን ያገኛል፤ ጥያቄዎቹን በቃል እንጠይቀዋለን።

መብራት ሲጠፋ በደብተር እንጽፋለን፣ ሲመጣ እናስገባዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረፋው ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ቀለል ይላል። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። አንድ በአንድ አይተን በነጻ እንመዘግብላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋርማሲያችሁ ባለሙያዎች