የባዮሎጂ ክበብ፦ አንድ ቁራሽ ዳቦ ተከትለን የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ርዕስ አልነካካም። ዓመቱን ሙሉ ያሳደድነው አንድ ጥያቄ ነው። የበላነው ዳቦ ከአፍ ጀምሮ ወዴት ይሄዳል? ምንስ ይሆናል? ሥርዓተ ልመት፣ ማለትም ምግብ የሚፈጭበት የሰውነት ክፍል፣ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ጨጓራን ነው። የክበባችን ልጆችም እንደዚያው ነበሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ክብሩን ለትንሹ አንጀት ሰጥተዋል። እኔም እስማማለሁ።

የጀመርነው ከአፍ ነው። ዳቦ ውስጥ በብዛት ያለውን ስታርች በውሃ አፍልተን በአራት የሙከራ ቱቦዎች ቀዳን። አንደኛውን እንዳለ ተውነው። ሁለተኛው ላይ ምራቅ፣ ሦስተኛው ላይ የተፈላ ምራቅ፣ አራተኛው ላይ ምራቅ ከኮምጣጤ ጋር ጨመርን። (ምራቁን ማን ይስጥ የሚለው ክርክር ከሙከራው የበለጠ ጊዜ በልቷል።) ቱቦዎቹን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውሃ ውስጥ አቆየንና ከየቱቦው እየቀነስን አዮዲን ጠብ አደረግንበት። ስታርች ካለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ የጠፋው ደህናው ምራቅ ያለበት ቱቦ ላይ ብቻ ነው። አሚሌዝ የተባለው የምራቅ ኤንዛይም (ምግብን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ስታርቹን ሰባብሮ ወደ ስኳር ለውጦታል። ሲፈላ ተበላሽቷል፣ አሲድ ሲያገኘው ደግሞ ሥራ አቁሟል። ስለዚህ አፍ ውስጥ የተጀመረው የስታርች መፈጨት ጨጓራ ሲደርስ ይቋረጣል ማለት ነው። ለጨጓራ ደጋፊዎች የመጀመሪያው ሽንፈት ይህ ነበር።

የጉሮሮው ቧንቧ ላይ ብዙ አልቆየንም። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ምግቡን ወደ ታች የሚገፋው የራሱ ጡንቻ ነው። ተኝተንም መዋጥ የምንችለው ለዚህ ነው።

ጨጓራ ላይ ስንደርስ ክበቡ የድራማ ክበብ ሆነ። ሰበቡ የአሌክሲስ ሴንት ማርቲን ታሪክ ነው። ይህ ወጣት በሰሜን አሜሪካ፣ በማኪናክ ደሴት፣ የእንስሳት ቆዳ ለሚነግዱ ሰዎች ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ሳይታሰብ በባረቀ ጠመንጃ ሆዱን ተመታ። ዊሊያም ቦሞንት የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም አከመው። ሰውየው ዳነ፤ ቁስሉ ግን አልገጠመም። ጨጓራው ድረስ የሚዘልቅ ቀዳዳ ቀረ። ቦሞንት ምግብ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ይከታል፣ ቆይቶ ያወጣና ያያል። የጨጓራውን ፈሳሽ ቀድቶ በጠርሙስ ውስጥ ሥጋ ሲያሟሟም ተመለከተ። ጨጓራ ምግብን ማሸት ብቻ ሳይሆን የኬሚስትሪ ሥራ እንደሚሠራም አሳየ። ውጤቱን በ1833 በመጽሐፍ አወጣው።

ከድራማው በኋላ የተነሳው ሙግት ከድራማው ይበልጥ ነበር። «በድሃ ሰው ሆድ ነው የተማሩት» አለች አንዷ። «ሙከራው እንዲደረግበት ውል ፈርሟል እኮ!» አለ ሌላው። «ማንበብ የማይችል ሰው ምን ብሎ ይፈርማል?» መለሰችለት። ሴንት ማርቲን በ1880 ሲሞት ቤተሰቡ ሐኪሞች አስከሬኑን እንዳይወስዱት በጣም አርቆ ቆፍሮ ቀብሮታል። ይህን ሲሰሙ የልጅቷ ወገን በአንዴ በዛ።

ወደ ፉክክሩ ልመለስ። ጨጓራ በአሲዱ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል፤ ፔፕሲን በተባለው ኤንዛይም ደግሞ ፕሮቲንን መሰባበር ይጀምራል። ቢሆንም ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ትንሽ ትንሽ እየበላ፣ ቫይታሚን ቢ12 እየወሰደ መኖር ይችላል። ትንሹ አንጀት ጨርሶ የወጣለት ሰው ግን ምግቡን በደም ሥር ነው የሚወስደው።

የትንሹን አንጀት ርዝመት ለማየት 6 ሜትር ገመድ ኮሪደሩ ላይ ዘረጋን። ያላፊ አግዳሚው ጥያቄ ብቻ አንድ ከሰዓት በላብን። ቆሽት ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ስብን የሚፈጩ ኤንዛይሞችን የሚልከው እዚህ ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሐሞትም የሚፈሰው እዚሁ ነው። ሐሞት ኤንዛይም አይደለም፤ ሳሙና የሳህን ቅባትን እንደሚበታትን ስቡን ይበታትናል። የአንጀቱ ውስጥ ግድግዳ ደግሞ እጥፋት በእጥፋት ነው፤ በእጥፋቱም ላይ ቪላይ የሚባሉ ጥቃቅን ጣት መሳይ ነገሮች ተተክለውበታል። የተፈጨው ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ይህ ሁሉ ቢዘረጋ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ትልቁን አንጀት ለማቅረብ ማንም እጁን አላወጣም። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። በመጨረሻ ከሁሉም ዝምተኛዋ ልጅ ወሰደችው። ይዛ የመጣችው ሒሳብ ነው። በቀን 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ እንወስዳለን። ምራቁ፣ የጨጓራው ፈሳሽ፣ ሐሞቱ፣ የቆሽቱና የአንጀቱ ሲደመር ሌላ 7 ሊትር ገደማ ይጨምራል። አብዛኛውን ትንሹ አንጀት መልሶ ይመጠዋል። ለትልቁ አንጀት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይደርሰዋል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ግን በአብዛኛው 0.2 ሊትር እንኳ አይሞላም። «ተቅማጥ ሰውን ቶሎ የሚጥለው ይህ ሒሳብ ሲዛባ ነው» አለች። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ኦአርኤስ ውስጥ ስኳርና ጨው አብረው የገቡትም ያለ ነገር አይደለም። ስኳሩ (ግሉኮስ) እና ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የአንጀቱን ግድግዳ ተያይዘው ያልፋሉ፤ ውሃውም ይከተላቸዋል።

የሚቀጥለው ዓመት ርዕስ የወጣው ከእሷ ገለጻ ነው። የተመጠጠው ውሃ ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ኩላሊት ላይ እንሠራለን። መግባት የምትፈልጉ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ ሙከራ ብቅ በሉ።