ለመሳለቂያ የተጻፈ ስም

ውድ ልጄ፣

ስምሽ ለከተማው ምክር ቤት ሲጠቆም ከአዳራሹ ሳቅ መሰማቱን ነግረሽኝ፣ «ታዲያ በቁም ነገር የጠቆሙኝ ይመስልሻል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የጠቋሚው ሐሳብ ምን እንደነበረ ማወቅ ያን ያህል አያስፈልግሽም። ለምን እንዲህ እንደምል የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገርሽ።

ሱዛና ሳልተር ትባላለች። የኖረችው በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ አርጎኒያ በምትባል ያኔ 500 ያህል ነዋሪ በነበራት ከተማ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1887 መጀመሪያ የካንሳስ ሕግ አውጪዎች ሴቶች በከተማ አስተዳደር ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀዱ። በከተማ ምርጫ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ምርጫዎች ከወንዶች እኩል ለመምረጥ ሌላ 25 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ሱዛና የክርስቲያን ሴቶች ፀረ መጠጥ ማኅበር አባል ነበረች። ካንሳስ መጠጥን በሕግ የከለከለች ግዛት ብትሆንም ሕጉ እንዲከበር የሚወተውቱት እነዚህ ሴቶች ነበሩ። ምርጫው ሲቃረብ ተሰብስበው የሚደግፏቸውን እጩዎች ዝርዝር አወጡ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ይህ እንኳ 20 የሚሆኑ የከተማው ወንዶችን አበሳጨ። ለብቻቸው ተሰብስበው የሴቶቹን ዝርዝር እንዳለ ገለበጡና በከንቲባው ስም ቦታ የሱዛናን ስም አስገቡ። በዚያን ዘመን የምርጫ ወረቀት የሚያሳትመው መንግሥት አልነበረም፤ የፈለገ ቡድን የራሱን ዝርዝር አዘጋጅቶ ያድላል፤ እጩውም አስቀድሞ እንዲያውቅ አይገደድም። ስሌታቸው ቀላል ነበር። ሴቶቹ ለራሳቸው እጩ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እሷ የምታገኘው የእነዚያኑ የ20ዎቹን ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ከተማው ይስቅባታል፤ ከዚያ ወዲያ ሴት በፖለቲካ ውስጥ አትገባም።

ኤፕሪል 4 ቀን ጠዋት መራጮች ስሟን ወረቀቱ ላይ ሲያዩ ግራ ተጋቡ። ባሏም ስሟን ያየው እዚያው ምርጫ ጣቢያ ነው፤ ተናዶ ነበር ይባላል። የሪፐብሊካን ፓርቲ የአካባቢው ሰብሳቢ ግን ሰዎች ወደ ቤቷ ላከ። የአራት ልጆች እናት ናት፤ ልብስ ስታጥብ አገኟት። ብትመረጪ ሹመቱን ትቀበያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ እቀበላለሁ አለች። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የማስበው እጇን ነው፤ እርጥብ መሆን አለበት። ወሬው ሲዳረስ ሴቶቹ የራሳቸውን እጩ ትተው ድምፃቸውን ለእሷ አዞሩ። ሲቆጠር ከሦስት ሁለት እጁን ድምፅ አግኝታለች። በ27 ዓመቷ፣ በአሜሪካ በከንቲባነት ተመርጣ ያገለገለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ተሳላቂዎቹ አፈሩ፣ አለቀ። እንደ ዕድል ጨዋታ ያደርጉታል፤ ይህ አይዋጥልኝም። አባቷ የአርጎኒያ የመጀመሪያው ከንቲባ ነበር፤ ባሏ የከተማው ጸሐፊ። እሷም ኮሌጅ ገብታ የተማረች ናት፤ ሳትመረቅ የወጣችው መጨረሻው ላይ ስለታመመች ነው። የከተማ ሥራ ለእሷ እንግዳ አልነበረም። ሴቶቹም ቢሆኑ በአንድ ቀን ውስጥ ድምፃቸውን አንድ ላይ ማዞር የቻሉት ቀድሞውንም ሲሰበሰቡና ሲመካከሩ የኖሩ ስለሆኑ ነው። ወንዶቹ ያልቆጠሩት ይህንን ነው።

ሥራው ደግሞ አሰልቺ ነበር። የዓመት ደመወዟ 1 ዶላር ነበር። ከኒው ዮርክ ድረስ የመጣ ጋዜጠኛ ስብሰባዋን ተከታተለ። የለበሰችውን ቀሚስና ባርኔጣ ሳይገልጽ አላለፈም (ስለ ወንድ ከንቲባ ባርኔጣ የተጻፈ ዜና አንብቤ አላውቅም)፤ ነገር ግን ስብሰባውን በሥርዓት እንደመራችና ከርዕስ የወጣ ንግግር እንዳስቆመችም ጽፏል። አንቺንም የሚጠብቅሽ ይኸው ነው፤ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ከርዕስ የሚወጣ ተናጋሪ። በዚያው የሥራ ዘመኗ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ አላደገላትም። የዚያን ዓመት ታሪክ በሳቅ የሚተርኩ ሰዎች ይህን አያነሱም፤ እኔ ግን እናት ነኝና ልዘለው አልቻልኩም።

በዓመቱ፣ በ1888፣ እዚያው ካንሳስ ውስጥ ኦስካሉሳ የምትባል ከተማ ከከንቲባዋ ከሜሪ ላውማን ጀምሮ የምክር ቤት አባላቷን በሙሉ ሴቶች አደረገች። ሱዛና ግን ለሁለተኛ ጊዜ አልወዳደርም ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይህንን የምነግርሽ «አንዴ ከገባሁ መውጫ የለኝም» ስላልሽኝ ነው። አንድ የሥራ ዘመን በአግባቡ ሠርቶ መሰናበት ሽንፈት አይደለም። እሷ በኋላ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ኦክላሆማ ሄዳ 101 ዓመት ኖራ በ1961 ዐረፈች፤ የተቀበረችው አርጎኒያ ነው።

እንግዲህ ጥቆማውን ከመቀበልሽ በፊት ያለፈውን ዓመት በጀትና ቃለ ጉባኤ ጠይቂ። በቃል ካልሰጡሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የጠየቅሽበትን ቅጂ ያዢ። አንብበሽው ሥራው ካልሳበሽ ተዪው፤ አልቀየምሽም። ከሳበሽ ደግሞ ድምፅ የሚሰጡሽን ሴቶች አሁኑኑ ቤት ለቤት እየዞርሽ አነጋግሪ፤ የምርጫው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቂ። ልጆቹን በስብሰባ ቀን ማን ይይዛቸዋል ያልሽውን ከሐሳብሽ አውጪው፤ እኔ አለሁ።

እናትሽ