ሳይበርድሽ ልበሺ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥምቀትም በሰላም አለፈ። ስድስት ኪሎ ዘንድሮም በሰው ተጥለቅልቆ ነበር የዋለው። እናትሽ ትስምሻለች።

በዚህ ብርድ ፔንትላንድ ኮረብቶች ላይ ልትሮጪ መመዝገብሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከገባሽ ወዲህ ሩጫውን የተውሽው መስሎኝ ነበር። ግን በስልክ ያልሽው አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። "አባዬ፣ የእነሱ ተራራ እኮ ከሰፈራችን ያንሳል" አልሽኝ።

ልክ ነሽ። የፔንትላንድ ትልቁ ጫፍ ስካልድ ሎው 579 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ታልፋለች። ከመላው ብሪታኒያ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ እንኳ 1,345 ሜትር ብቻ ነው። የስድስት ኪሎ ልጅ ብትንቀው አይገርምም። ትንፋሽም አያጥርሽም። ግን እዚያ ሰው የሚጥለው ከፍታው አይደለም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ ነው። እንጦጦ ላይ ጠዋት ቢበርድሽ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትደርስልሻለች። እዚያ የጥር ፀሐይ ብትወጣም ብዙ አታሞቅም። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት መካከል ደግሞ ጥልቅ ትላለች።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቻይና ጋንሱ ውስጥ በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ 21 ሯጮች ሞተዋል። አየሩ በድንገት ተለውጦ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ብዙዎቹ ስስ ልብስ ነበር የለበሱት። ደካሞች ስለነበሩ አይደለም፤ ከሟቾቹ መካከል ስመ ጥር ሯጮች አሉበት። ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ጉልበት ብቻውን እንደማይበቃ እንድታውቂው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ሲያስፈልግ ቁሚ። ጃኬቱን ከበረደሽ በኋላ ሳይሆን ሳይበርድሽ ልበሺው። ጣት ከደነዘዘ ዚፕ መሳብ እንኳ ያቅታል። ብርዱ ሲጠና ሐሳብም ይደነዝዛል፤ ምላስ ይተሳሰራል፣ ሰውየው ግን "ደህና ነኝ" እያለ መሮጡን ይቀጥላል። እዚያ ድረስ አትጠብቂ።

መቆም ጊዜ ያባክናል እንዳትዪኝ። ቀነኒሳን አስቢው። መጋቢት 2000 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ የተካሄደው እዚያው አንቺ ከተማ፣ ሆሊሩድ ፓርክ ነበር። ሩጫው ላይ ጫማው ከተረከዙ ወለቀ። ያ ሁሉ ሯጭ እያለፈው ቆመ፣ ጫማውን አስተካክሎ አጠለቀ፣ ከዚያ ከኋላ ተነስቶ አንድ በአንድ እየለቀመ አሸነፈ። በዚያው ቀን በሴቶቹ ጥሩነሽ ዲባባ አንደኛ ወጣች። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይሞቃል። ጊዜ ስታገኚ ፓርኩን ሄደሽ እዪው።

ዕቃሽን ማታ አዘጋጂ። የጥጥ ካናቴራ ይቅርብሽ፤ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዢ። ፊሽካም አትርሺ። ተራራ ላይ ችግር ከገጠመሽ ስድስት ጊዜ ንፊ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ድገሚው። የነፍስ አድን ጥሪ መሆኑ እዚያ ይታወቃል።

ዳገቱ ሲከብድ በእርምጃ ውጪው። ጎበዞቹም ያደርጉታል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ያጠነከርሽው እግር ጭቃን አያውቅም። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ዐይንሽን ከፊትሽ ሁለት ሦስት እርምጃ አርቂ፤ ጫማሽም ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን።

እናትሽ በሶ በሰው ልካልሻለች። በማር ለውሰሽ ትንንሽ ጭብጦ አድርጊውና ኪስሽ ውስጥ ያዢ። ሳይርብሽ ቅመሺ፤ ሰውነት ባዶ ሲሆን ብርዱ ይበረታል።

ስትጨርሺ መጀመሪያ እርጥቡን ልብስ ቀይሪ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ። ከዚያ ደውዪልኝ። ስንተኛ እንደወጣሽም ንገሪኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ እየጠየቀኝ ነው።

አባትሽ