በጣት የተሳለ ፊት

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? ከአባትህ ቀብር በኋላ ደውዬ «በርታ፣ ወንድ ነህ፣ ቻለው» ካልኩህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ቃሌ ለራሴም መረረኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ዝም እንዳልኩም ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ አንድ ሠዓሊ ነው። አሞአኮ ቦአፎ ይባላል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. አክራ ተወልዶ በ2014 ወደዚህ ወደ ቪየና የመጣ ጋናዊ። ቤልቬዴሬ ሙዚየም በ2024 መገባደጃ ሥራዎቹን ሲያሳይ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁ። ሰው ሲሥል ልብሱን በብሩሽ ይቀባል፤ ቆዳው ላይ ሲደርስ ግን ብሩሹን ያስቀምጥና በጣቱ ይሥላል። ፊቱ፣ አንገቱ፣ እጁ ሁሉ በጣት ነው። ቀርበህ ስታይ ቡናማውና ሰማያዊው ተጠላልፈው፣ ጣቱ የሄደበት መንገድ በዘይት ቀለሙ ላይ ቀርቷል። ራቅ ስትል ሰውዬው ቀና ብሎ ያይሃል። እኛ ተማሪ ሳለን መስመሩ እንዳያመልጠን ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር፤ እርሱ መስመሩን ልቀቅ ብሎ ብሩሹን ተወ።

ከቪየናው ሠዓሊ ከኤጎን ሺለ ብዙ ተምሯል፤ እጆቹን ስታይ ይገባሃል። ግን በሺለ ሸራ ላይ ገላ ይኮማተራል፣ ይጨነቃል። በቦአፎ ላይ ያርፋል። አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ ወንድ፣ መጽሐፍ የያዘ ወንድ፣ እጁን ጉንጩ ላይ ያሳረፈ ወንድ። አይፈሩም፣ አያስፈሩም። እዚህ ባቡር ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል፤ ስለዚህ በእነዚያ ሥዕሎች ፊት ብዙ ቆሜ መቅረቴ አይግረምህ።

ቆሜ ሳለሁ ያሰብኩት ግን ስለ እኛ ነው። አዲስ አበባ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሄድ ማን ዞር ብሎ አይቶን ያውቃል? ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳም ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እጄን ኪሴ ውስጥ መክተት ለመድኩ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ አይቼ ተማርኩት። ቀብሩ ላይ ብኖር ኖሮ አቅፌህ አብረን እናለቅስ ነበር። በስልክ ግን እጅ የለም፣ ቃል ብቻ ነው። ስለ ወንድነት የተሰጠን ቃል ደግሞ ያው «ቻለው» ነው። እጃችን የሚያውቀውን አፋችን አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

ያ የጀመርከው የአባትህ ሥዕል የት ደረሰ? ጋቢ ለብሰው በረንዳ ላይ የተቀመጡበት። ጋቢው አልቆ፣ ፊታቸው ገና ነበር፤ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብለኸኝ ነበር። በብሩሽ አትሞክረው። ለፋሲካ ትኬት ቆርጫለሁና ቆየኝ፤ እስክትጨርሰው አጠገብህ እቀመጣለሁ።

የማይረሳህ ወንድምህ