ምግብ ለሚሸሹ ልጆች ሕክምናው ይቅረብ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ድባቴና ስለ ሱስ የምታወጧቸውን ጽሑፎች በአክብሮት አነባለሁ፤ አኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ምግብን ከልክ በላይ መሸሽ) እና ቡሊሚያ (አብዝቶ በልቶ ክብደት እንዳይጨምር በማስመለስና በመሳሰለው ማስወጣት) ስለሚባሉት የአመጋገብ ሕመሞች ግን በአገራችን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። የእህቴ ልጅ ምግብ መሸሽ ስትጀምር መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ መለሳት፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበረም ዘመድ ወዳጁ ክሳቷን ከትጋት ቆጠረው። ሕመሙ በጾም ሊሸፈን ስለሚችል፣ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጹም ብላ እንደማታስገድድ ከንስሐ አባት አንደበት መስማት ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሕክምናውስ አለ። በተለይ አኖሬክሲያ ላለባቸው ወጣቶች በቂ ማስረጃ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው ቤተሰብ ተኮር ሕክምና ሲሆን፣ ወላጆች በባለሙያ እየተመሩ የልጃቸውን አመጋገብ ለጊዜው በኃላፊነት ይረከባሉ፤ ክብደቷና ጤናዋ ሲመለስም ኃላፊነቱን ደረጃ በደረጃ ይመልሱላታል። በአንድ ገበታ ዙሪያ ለሚሰበሰብ ቤተሰብ ይህ የሚከብድ አይመስለኝም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ልቡን ሊያውክ ስለሚችል፣ ጅማሬው ያለ ሐኪም ክትትል ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን እንዲያሠለጥን እጠይቃለሁ፤ የወር አበባዋ የተቋረጠ ወይም ደጋግማ ራሷን የምትስት ወጣት ስትመጣ፣ ስለ አመጋገቧ በርኅራኄ ጠይቀው እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት ይላኳት። ጋዜጣችሁም የአእምሮ ሐኪሞችንና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ቤተሰቦች ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ቢያሳውቅልን።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ