ስለ ሮሙ ጳጳስ ስለ ሆርሚስዳስ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት?

ባለፈው ስለ ኬልቄዶን፣ ስለዚያ ቤተ ክርስቲያናችን ስላልተቀበለችው ጉባኤ፣ ያነሣነውን ሳንጨርስ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጳጳስ ሆርሚስዳስ ሳነብ ነው የከረምኩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎት።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁስጥንጥንያው ንጉሥ ከዘይኑን ነው። ኬልቄዶንን የተቀበሉትንና ያልተቀበሉትን ላስታርቅ ብሎ በ482 ሄኖቲኮን የተባለውን አዋጅ አወጣ፣ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አካክዮስም አብሮት ቆመ። ሮም በ484 አካክዮስን አወገዘችው። የውግዘቱን ደብዳቤ ደግሞ መነኮሳት ሊቀድስ በቆመበት ልብሰ ተክህኖው ላይ ሰኩበት! ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት 35 ዓመት ተለያይተው ኖሩ።

ሆርሚስዳስ በ514 ተሾመ። በ515 ለእርቅ ወደ ቁስጥንጥንያ መልእክተኛ ላከ፣ አልሆነም። በ517 ደገመ፤ ንጉሥ አናስታስዮስ ስድቡን እችላለሁ፣ መታዘዝን ግን አልችልም ብሎ መለሰለት። ንጉሡ በ518 ሲሞት ኬልቄዶንን የሚደግፈው ዮስጢኖስ ነገሠና ሁሉም ተገለበጠ። በ519 በጸሎተ ሐሙስ ፓትርያርክ ዮሐንስ ሮም የላከችውን ጽሑፍ ፈረመ።

እኔን ያንገበገበኝ የእርቁ ዋጋ ነው። የአካክዮስ ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ ተሰረዘ፣ እሺ ይሁን። ግን ከእሱ በኋላ የቁስጥንጥንያ ፓትርያርኮች የነበሩት አውፊምዮስና መቅዶንዮስም አብረው ተሰረዙ፤ እነዚህ እኮ ለኬልቄዶን ብለው ከመንበራቸው የተሰደዱ ናቸው፣ የተሰረዙት ከሮም ጋር ስላልታረቁ ብቻ ነው። ኬልቄዶንን ያልተቀበለው የእኛው ፓትርያርክ ሳዊሮስም ከመንበሩ ከአንጾኪያ ወደ ግብፅ የሸሸው ያኔ በ518 ነው። ለሮምና ለቁስጥንጥንያ ሰላም ወረደ፣ ለእኛ ወገን ስደት ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ እርስዎ እንዴት እንዳለቀሱ አልረሳውም። ያ እርቅ የማንንም ስም አልሰረዘም፤ የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ ስም በጸሎት አብሮ እንዲጠራ ነው የተስማሙት። እኔ ከሆርሚስዳስ እርቅ ይሄኛውን አስበልጣለሁ።

ሰውዬውን ግን ልጠላው አልቻልኩም። ከመቀሰሱ በፊት ባለትዳር ነበር፣ ልጁ ስልቬርዮስም በኋላ በ536 ጳጳስ ሆኗል። አባቱ በ523 ሲያርፍ የመቃብሩን ግጥም የጻፈው እሱ ነው፤ በመለያየት የተቀደደውን አካል ፈወስክ፣ የተነቀሉትን ብልቶች ወደየቦታቸው መለስክ ይለዋል፣ መጻፉ ቢከብደኝም እኔ ስልቬርዮስ ጻፍኩት ብሎ ይጨርሳል። አንጀቴን በላው አባባ።

እሁድ እደውላለሁ። ስንክሳሩ ስለ ሳዊሮስ የሚለውን አውጥተው ይጠብቁኝ፣ እርስዎ ሲያነቡት መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ