አትክልት ሞልቶ በፍም ላይ ስለማብሰል

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። አትክልት ሞልተው በከሰል ላይ ሊያበስሉ ማሰብዎን ስለነገሩኝ፣ በስልክ በጥድፊያ ከማወራዎ ይልቅ ረጋ ብዬ ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የማሰናዳው።

ከሁሉ አስቀድሞ የእሳቱን ነገር ላንሣ። ሥጋ ሲጠብሱ እንደለመዱት ፍሙን በምድጃው ሙሉ አያንጥፉት፤ ከሰሉ ነጭ አመድ ሲለብስ ወደ አንድ ወገን ሰብስበው፣ አትክልቱን ፍም በሌለበት በኩል በፍርግርጉ ላይ ደርድረው ክዳኑን ይግጠሙት። በቀጥታ ፍም ላይ የተቀመጠ የፈረንጅ ቃሪያ ታቹ ያርርና የተሞላው ነገር ገና ለብ ሳይል ይቀራል፤ ክዳኑ ሲገጠም ግን በውስጡ የሚዞረው ትኩስ አየር ከሁሉም አቅጣጫ ያበስለዋል። ክዳን ቶሎ ቶሎ መክፈት ሙቀቱን ያባክናል፤ እርስዎ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከፍቶ ማየት ይወዳሉ።

ለመሙያ የሚሆነው ሩዝ ጥሬውን ከገባ አትክልቱ የሚሰጠው ውኃ ስለማይበቃው እንደ ደረቀ ይቀራል። ስለዚህ ሩዙን ቀቅለው፣ ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ የተፈጨ ሥጋ የሚጨምሩ ከሆነም አስቀድመው አብስለው ይሙሉ፤ ያን ጊዜ ለምድጃው የሚቀረው አትክልቱን ማለስለስና ጣዕሙን ማዋሐድ ብቻ ነው። ጥሬ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከሞሉ ግን መካከሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን በቴርሞሜትር ሳያረጋግጡ አይቅመሱት፤ ላዩ ስለ ቀላ ብቻ ውስጡ በስሏል ማለት አይደለም።

ቃሪያውን ብዙ ሰው አናቱን ቆርጦ አቁሞ ይሞላዋል፤ እኔ ግን ቁመቱን ለሁለት መሰንጠቅን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ተጋድሞ አይወድቅም፣ ቶሎም ይበስላል። ስትሰነጥቁት አናቱ ላይ ያለውን ጭራ አብራችሁ ክፈሉት እንጂ አትቁረጡት ብለው ለሚያግዝዎት ሰው ይንገሩ፤ እሱ ከተነቀለ የተሞላው ነገር በዚያ በኩል ይፈስሳል። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ሲቆይ ጠርዙ ይጨማደዳል፣ ከሥሩ ጥቂት ውኃ ያቁራል፣ የቢላ ጫፍም ሳይገፉት ይገባለታል፤ ለጥርስዎም የሚመች እንዲህ ሲሆን ነው። ቲማቲም ከዚያ ቀድሞ ስለሚፈርስ ዘግይተው ይጨምሩት። ዝኩኒውን ፍሬውን በማንኪያ ጠርገው ያውጡለት። ደበርጃን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለሁለት ተከፍሎ ዘይት ተቀብቶ ብቻውን ካልለሰለሰ በቀር ባይሞሉት ይሻላል፣ ጠንካራ ደበርጃን እኔ ራሴ አልወድም። አይብ ከፈለጉ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይነስንሱበት።

ሐኪሙ ጨው ይቀንሱ ስላሉዎት፣ በጨው ፋንታ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አብዛተው ይጠቀሙ፤ የፍሙ ጢስም የራሱን ጣዕም ይጨምርበታል።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ፦ ብርድ ቢሆን እንኳ ምድጃውን ወደ ቤት ወይም ወደተዘጋ በረንዳ አያስገቡት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል፣ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም መውጣቱን አያቆምም። በልተው ሲጨርሱ ክዳኑንና የአየር መግቢያውን ዘግተው እዚያው ደጅ ይተዉት፤ አመዱንም ፈጽሞ ሳይበርድ አይድፉት።

አክባሪ ልጅዎ